የማኅበሮች ማኅበርና በደጅ የቀሩት

ማኅበር የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን በየወሩ በቅዱሱ ወይም በእመቤታችን ስም ተሰብስበው ጽዋቸውን ይጠጣሉ፤ የታመመች ትጠየቃለች፣ ለወለደች ገንፎው ይገነፋላታል፣ ሐዘን የደረሰባት ትጽናናለች። ዕድሩም ሆነ ዕቁቡ የየራሱ ሕግና የየራሱ ዳኛ አለው። ስለዚህ አንድ ሰው «በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪዎች የእኅትማማች ማኅበር አላቸው» ቢለን ነገሩን ወዲያው በእናቶቻችን ማኅበር መስለን እንረዳዋለን። ምሳሌው ግን የሚያደርሰን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው። በእናቶቻችን ማኅበር ለመግባት የምትሻ ሴት በቀሚሷና በአነጋገሯ፣ በአባቷ ስምና በፀጉሯ አበጣጠር ለቀናት ስትፈተን ሰንብታ በመጨረሻው ማለዳ ስሟ ከዝርዝር የጠፋ መሆኑን አትሰማም። በአሜሪካ የእኅትማማች ማኅበራት ዘንድ ግን የመግቢያው ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ጉዳይ ለዛሬው ርእሰ አንቀጽ የመረጥነው ስለ ባሕር ማዶ ልጃገረዶች ወሬ ለማብዛት አይደለም። በመጀመሪያ፣ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር የሚኖሩ የወገኖቻችን ሴቶች ልጆች በየዓመቱ ወደነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ይገባሉ፤ ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱም «የትኛው ቤት ትገቢያለሽ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። የተማሪ ማኅበር አባል የሆነ ሰው ሁሉ ማኅበራት ተባብረው የበላይ ጉባኤ ሲያቋቁሙ ጉባኤው የማን ጠባቂ እንደሚሆን ማወቅ ይገባዋል። የአባሎቹ ነውን? ወይስ በአባሎቹ ደጅ የቆሙትም ጭምር? በዚህ ረገድ የአሜሪካ ሴቶች ጉባኤ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ስላለው፣ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን። በ19ኛው መቶ ዓመት ሴቶች ወደ አሜሪካ ኮሌጆች መግባት ሲጀምሩ የተቀበላቸው እልልታ አልነበረም። ወንዶቹ የግሪክ ፊደላትን በስማቸው ላይ የለጠፉ የምስጢር ማኅበራት ነበሯቸው፤ ይህም ልማድ በ1776 በዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ከተመሠረተው ከፋይ ቤታ ካፓ የተወረሰ ነው። ሴቶቹ ግን በክፍሉ ውስጥ ጥቂት፣ በግቢው ውስጥ ባይተዋር ነበሩ። ከዚህም የተነሣ በ1867 በሞንመዝ ኮሌጅ ዛሬ ፓይ ቤታ ፋይ የሚባለው፣ በ1870 በኢንዲያና ዛሬ ዲፓው በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ካፓ አልፋ ቴታ፣ በዚያው ዓመት እንደገና በሞንመዝ ካፓ ካፓ ጋማ፣ በ1872 ደግሞ በሲራኪዩስ አልፋ ፋይ ተቋቋሙ። ስለ ካፓ አልፋ ቴታ መሥራች ስለ ቤቲ ሎክ የሚተረክ ነገር አለ፤ የወንዶች ማኅበር አንዱ ዓርማውን እንደ ጌጥ እንድታደርገው አቀረበላት፣ አባል ግን ልትሆን አትችልም ተባለች፤ እርሷም ዓርማውን ትታ የራሷን ማኅበር አቆመች። «ሶሮሪቲ» የተባለውም ስያሜ የመጣው በ1874 ከተመሠረተው ከጋማ ፋይ ቤታ ጋር ተያይዞ ነው፤ ቃሉን ያወጡት በሲራኪዩስ የላቲን መምህር የነበሩት ፍራንክ ስሞሊ ሲሆኑ፣ «ሶሮር» በላቲን እኅት ማለት ነው። በ1886 አልፋ ፋይ በዚያችው በሲራኪዩስ የራሱን ቤት ሠራ። ያን ጊዜ ሴቶች በራሳቸው ስም፣ ለራሳቸው መኖሪያ ቤት መሥራታቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ይህን ያህል የዘረዘርነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ማኅበራት የተወለዱት በር ከተዘጋባቸው ሰዎች ነው፤ ይህንን ማንም ሊነሣቸው አይገባም። ኋላ የሆነው ነገር የሚያሳዝነውም ስለዚሁ ነው።

ማኅበራቱ በዝተው በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ቤቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ እኅትማማችነቱ ወደ ሽሚያ ተለወጠ። አንዲት አዲስ ተማሪ ገና ሳትመዘገብ ቃል ታስገባለች፤ አንዱ ቤት ቃል ያስገባትን ሌላው ቤት በጎን ያባብላታል። ምልመላውን «ረሽ» ይሉት ነበር፤ ጥድፊያ ማለት ነው፤ ስሙ ለግብሩ የተገባ ነበር። ይህን ሽሚያ ለማስታገሥ በ1891 ካፓ ካፓ ጋማ ሌሎቹን ጠርቶ በቦስተን ስብሰባ ተደረገ፤ ዘላቂ ድርጅት ግን አልወጣለትም። በግንቦት ወር 1902 በአልፋ ፋይ ጥሪ የሰባት ማኅበራት ወኪሎች በቺካጎ ተገናኙ። ዛሬ ብሔራዊ የፓንሄሌኒክ ጉባኤ ተብሎ የሚታወቀው የማኅበሮች ማኅበር የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። «ፓንሄሌኒክ» ማለት የግሪኮች ሁሉ ማለት ሲሆን፣ እነዚህ ልጃገረዶች ከግሪክ ጋር ያላቸው ዝምድና ከፊደሉ አያልፍም። ወንዶቹ የራሳቸውን ተመሳሳይ ጉባኤ ያቋቋሙት በ1909፣ ማለትም ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑን ደግሞ በዚሁ አጋጣሚ ብናነሣ ደስ ይለናል፤ የሴት ስብሰባ ከሐሜት አያልፍም ለሚሉ አንዳንድ ጓደኞቻችን ይጠቅማቸዋል።

ዛሬ ጉባኤው 26 ማኅበራትን ያቅፋል። እያንዳንዱ ማኅበር ወኪል ይልካል፤ ሊቀ መንበርነቱ ለረጅም ዘመን በምርጫ ሳይሆን ማኅበራቱ ወደ ጉባኤው በገቡበት ተራ ሲዞር ኖሯል። ሁሉንም የሚያስሩት ስምምነቶች የሚጸኑት በሙሉ ድምፅ ብቻ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን ያላቸው አምስት መንግሥታት ናቸው፤ በዚህኛው ጉባኤ ግን ሃያ ስድስቱም አላቸው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። እንዲህ ያለው ሥርዓት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ትንሹ ማኅበር በትልቁ አይዋጥም። አንድ ትልቅ ጉዳትም አለው፤ አንዱም አባል የማይወደው ነገር ለውሳኔ አይደርስም።

ጉባኤው ሥራውን ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚሠራ ለማየት የምርጫውን አሠራር መመልከት ይበቃል። ተማሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ይጎበኛሉ፤ በየዙሩ የቤቶቹ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ እያንዳንዷ ተማሪ የምትሻቸውን ቤቶች በቅደም ተከተል ትጽፋለች፤ እያንዳንዱም ቤት የሚሻቸውን ተማሪዎች በቅደም ተከተል ይጽፋል። ሁለቱ ዝርዝሮች ከቤቶቹ ውጪ ባሉ ሰዎች እጅ ይገጣጠማሉ፤ አንድ ቤት አዲሶቹን ሁሉ ጠቅልሎ እንዳይወስድም የመቀበያ ልክ ይወሰናል። ይህ በዝርዝር የማገጣጠም ዘዴ ከ1928 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንኳ ትኩረት ሰጥተውታል፤ ሱዛን ሞንጌልና አልቪን ሮዝ በ1991 በታወቀ የምጣኔ ሀብት መጽሔት ላይ ስለዚሁ ዘዴ ጥናት አወጡ። አልቪን ሮዝ በ2012 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው። ጥናቱ የደረሰበት ነገር የሚያስገርም ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ልባቸው የሚሻውን በታማኝነት ቢጽፉ ኖሮ ዘዴው አንዳንድ ጊዜ መንገዱን ስቶ ባልጨረሰ ነበር፤ ሆኖም ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ቤት በላይ ስለማይጽፉ ነገሩ ያለ ግርግር ይፈጸማል። እንግዲህ የሥርዓቱ ጸጥታ የተገኘው ልጃገረዶቹ ምርጫቸውን ራሳቸው ስላጠበቡት ነው ማለት ነው። እኛ ይህን ስናነብ የታየን ተስፋዋን እየለካች ብዕሯን የምትይዝ የ18 ዓመት ልጅ ናት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ተረቱ ሁልጊዜ የሚነገረው በድሩ ወገን ሆኖ ነው፤ አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አይጠየቅም። በ1902 የተባበሩት ድሮች ያሰሩት አንበሳ አልነበረም፤ እርስ በርሳቸው እንዳይጣሉ ራሳቸውን አሰሩ። ምርጫው በየትኛው ቀን ይጀመር፣ ግብዣው ምን ያህል ወጪ ይኑረው፣ ቃል የገባችን ልጅ ሌላው ቤት አይንካት፤ በዚህ ሁሉ ላይ ተስማሙ። በአንድ ነገር ላይ ግን የተስማሙት ባለመነካካት ነው፤ ማን ትገባለች፣ ማን ትቀራለች የሚለው የእያንዳንዱ ቤት የግል ጉዳይ ሆኖ ቀረ። ድምፅ የሚሰጠው በር ተዘግቶ ነው። ምክንያት አይነገርም። ስለዚህ አስገቢው ሥርዓት እንደ ሰዓት የተስተካከለ ሲሆን፣ አስገቢው ልብ ግን ተጠያቂ የለውም።

የዚህ ውጤት በታሪክ ተመዝግቧል። በ1944 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ የእኅትማማች ማኅበራትን ከግቢው አስወጣ፤ የምርጫው ወራት በሴት ተማሪዎች መካከል ያመጣው መለያየትና ምሬት ከባድ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ማኅበራቱ ወደ ስታንፎርድ የተመለሱት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1953 ደግሞ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ከአገር አቀፍ ድርጅት ጋር የተሳሰሩ መሰል ማኅበራትን በሙሉ ከለከለ፤ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1954 ክልከላው ጸና። በዚያ ዘመን ከአገር አቀፎቹ ማኅበራት መካከል በዘርና በሃይማኖት አባል የሚለዩ፣ አንዳንዶቹ በተጻፈ ሕግ፣ ሌሎቹ ባልተጻፈ ልማድ የሚሠሩ ነበሩ። በ1956 በኮርኔልና በተፍትስ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የሲግማ ካፓ ቅርንጫፎች ጥቁር ተማሪዎችን በአባልነት ቃል አስገቡ፤ የማኅበሩ የበላይ አካል ቅርንጫፎቹን አገደ። እዚህ ላይ አንባቢያችን እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በሩን የከፈቱት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ የዘጉት ከተማረቁ ብዙ ዘመን ያለፋቸው፣ ከግቢው ርቀው የሚኖሩ አዛውንት እኅቶች ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ «የግል ጉዳይ» ሲባል የማን የግል ጉዳይ ነው?

በደጅ የቀሩትስ ምን አደረጉ? በዋሽንግተን፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚነግዱበትና ከሚኖሩበት ሰፈር አጠገብ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1908 በዚያ አልፋ ካፓ አልፋ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የጥቁር አሜሪካውያን ሴት ተማሪዎች እኅትማማች ማኅበር ነው። በ1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ፣ በ1920 ዜታ ፋይ ቤታ በዚያው በሃዋርድ ተከተሉት፤ በ1922 ሲግማ ጋማ ሮ በኢንዲያናፖሊስ ተቋቋመ። ዴልታዎች ማኅበራቸውን ካቆሙ ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ በመጋቢት 1913 መጀመሪያ፣ ለሴቶች የምርጫ መብት በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ወጡ። የአልፋ ካፓ አልፋ አባሎች በ1930ዎቹ አጋማሽ በዶክተር ዶሮቲ ፈረቢ መሪነት ወደ ሚሲሲፒ ገጠር እየዘለቁ በዓመት በዓመት የጥጥ እርሻ ድኾችን ያክሙና ልጆችን ይከትቡ ነበር። አንድ የተማሪዎች ማኅበር ሐኪም ይዞ ጭቃ መንገድ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ማኅበር የሚባለው ነገር ከግብዣ ሌላ ትርጉም እንዳለው አይጠራጠርም።

በግንቦት ወር 1930 እነዚህ ማኅበራት ከወንዶቹ ጋር ሆነው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የፓንሄሌኒክ ምክር ቤትን አቋቋሙ። ስሙ ከቺካጎው ጉባኤ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ ድርጅቶቹ ግን ሁለት ናቸው። ምክር ቤቱን ያቋቋሙት አምስት ማኅበራት ሲሆኑ ሦስቱ የሴቶች ነበሩ፤ ከ1997 ወዲህ የአባሎቹ ቁጥር ዘጠኝ ነው። የሁለቱን ጉባኤዎች አጀማመር ስናነጻጽር ልዩነቱ ጎልቶ ይታየናል። የመጀመሪያው የተጠራው ቤቶች በአዲስ ተማሪ ስለተሻሙ ነው፤ ሁለተኛው የተጠራው ከሁሉም ቤቶች ውጪ ያለ የጋራ ችግር ስለነበረ ነው። በ1948 ከእነዚሁ ማኅበራት የተውጣጡት ተባብረው የአሜሪካ የሰብአዊ መብት ምክር ቤት የተባለውን አካል በዋሽንግተን አቆሙ፤ እስከ 1963 ድረስም ስለ ሥራ፣ ስለ መኖሪያና ስለ ትምህርት እኩልነት በመንግሥቱ በር ሲሟገት ኖረ። ያኔ ድሩ ያበረው ለአንበሳው ነበር።

ይህን ስንል የሃዋርዱ ወገን ሁሉ ብርሃን ነው ለማለት አይደለም። እነርሱም ዘንድ ምርጫው በዝግ ነው፤ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ አዲስ ገቢዎችን ማሠቃየት፣ መደብደብ፣ እንቅልፍ መንሣት የሚባለው ክፉ ልማድ ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል፣ ገድሏልም። በ1990 የምክር ቤቱ ማኅበራት በአንድነት ለዘመናት የቆየውን የፈተና ወቅት ሰረዙ፤ አባል የሚገባበትንም መንገድ በአዲስ መልክ ጻፉ። ድፍረት የተመላ ውሳኔ ነበር። ሆኖም ልማዱ ከወረቀት ሲሰረዝ ከሌሊት አልተሰረዘም፤ ወደ ምስጢር ቤት ገባ። የበላይ ጉባኤ አባሎቹን እስከ ጓዳቸው ድረስ ሊያዝዝ እንደሚችል ይህ አሳይቷል፤ ትእዛዝ ብቻውን የማይበቃ መሆኑንም አሳይቷል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሰኔ ወር 1963 የአላባማ አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆመው እንደነበር ታሪክ የተማረ ሁሉ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ልክ 50 ዓመት ቆጥረን በመስከረም ወር 2013 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹ ጋዜጣ ክሪምሰን ኋይት አንድ ሐተታ አወጣ። ሐተታው የነጮቹ እኅትማማች ማኅበራት በውጤቷም ሆነ በምግባሯ እንከን የማይወጣላትን ጥቁር ተማሪ እንዳልተቀበሉ ገለጠ፤ በቤቶቹ ውስጥ ልትገባ ይገባል ያሉ አባሎች እያሉ የቀድሞ ተመራቂዎች ጣልቃ ገብተው እንዳስቀሯትም ተናገረ። ይህን ለጋዜጣው በግልጽ ከተናገሩት ውስጥ ከቤቶቹ አባሎች መካከል ያሉ ነበሩበት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተማሪዎችና መምህራን በአንድነት ወደ አስተዳደሩ ሕንጻ ተሰለፉ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጁዲ ቦነር ምርጫው እንደገና ተከፍቶ እንዲቀጥል አዘዙ፤ ወዲያውም ለጥቁር ተማሪዎች ግብዣ ደረሰ፤ የተቀበሉም ነበሩ።

እኛ ጋዜጠኛ ነን ባንልም ማባዣ መኪና እያዞርን ወረቀት የምናወጣ ተማሪዎች ነንና፣ በዚህ ታሪክ ትንሽ ብንኮራ ይፈቀድልን። ሃያ ስድስት ማኅበራት፣ መቶ ዓመት ያለፈው ጉባኤ፣ የስምምነት መጻሕፍት፣ የተጣራ የማገጣጠሚያ ዘዴ፤ ይህ ሁሉ ሲኖር በሩን ያንኳኳው የተማሪ ወረቀት ነው። ከዚያም አልፎ እኛን ያስደነቀን የፍጥነቱ ነገር ነው። ለ50 ዓመት «የማይቻል» ሲባል የነበረው ነገር በጥቂት ቀን ተቻለ። የቀረው ሥልጣን አልነበረም፤ ፈቃድ ነበር።

ይህንንም የሚያስረዳ ሌላ አጋጣሚ አለ። በጥር ወር 2015 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የጉባኤው አባል የሆኑ ማኅበራት አገር አቀፍ መሪዎች፣ የወንዶቹ ማኅበራት አዲስ አባሎቻቸውን በሚቀበሉበት የግብዣ ምሽት ሴት ተማሪዎቻቸው እንዳይገኙ አዘዙ፤ የተላለፈች ቅጣት እንደሚጠብቃትም አስታወቁ። ምክንያቱ የልጃገረዶቹ ደኅንነት ነው ተባለ። ተማሪዎቹ ተቆጥተው ተቃውሞ ፈረሙ፤ ጥፋት በወንዶቹ ቤት ቢሠራ ለምን እኛ ቤት እንዘጋለን አሉ። በክርክሩ ውስጥ መግባት አንፈልግም። የሚያስገርመን ግን ይህ ነው፤ አንዲት አባል በየትኛው ሌሊት የትኛውን በር እንደምታልፍ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ የሚችል ወገን፣ አንዲት ጥቁር ልጅ የትኛውን በር እንደማታልፍ ሲጠየቅ «ይህ የቅርንጫፎቹ የግል ጉዳይ ነው» ሊል አይገባውም።

ለማኅበራቱ የሚከራከሩ ወገኖች የሚሉት ከንቱ አይደለም። ሴቶች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት፣ ሒሳብ የሚይዙበት፣ ስብሰባ የሚመሩበት ቦታ ይሻሉ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ዛሬም ቢሆን አልበዛም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የአንድ ጾታ ማኅበራት አባል የሆኑትን ተማሪዎች ከአንዳንድ ኃላፊነትና ድጋፍ የሚያግድ ደንብ ባወጣ ጊዜ፣ ሁለት አገር አቀፍ የእኅትማማች ማኅበራት በ2018 ከከሰሱት መካከል ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ2020 ደንቡን ሰረዘ። ጓደኛ የመምረጥ ነጻነት አለን ይላሉ። አዎን፣ አላቸው። ማንም ሰው ማንን እንደሚወድ በሕግ አይታዘዝም። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች የጓደኛሞች ሸንጎ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የበላይ ጉባኤ፣ የምልመላ ሕግ፣ የመቀበያ ልክ ባላስፈለጋቸው ነበር። በብዙ ቦታ ቤታቸው የሚቆመው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወይም አጠገብ ነው፤ በስሙ ይጠራሉ፤ ከተመረቁም በኋላ ሥራ የሚፈላለጉት በዚሁ ገመድ ነው። ገመዱ እስከ መሥሪያ ቤት የሚዘልቅ ከሆነ፣ ማን እንደያዘውና ማን እንዳልያዘው መጠየቅ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል።

በጎ ለውጥ የለም አንልም። ከ2020 ወዲህ ብዙዎቹ ማኅበራት ለአባል ልጅና እኅት ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ ትተዋል። የእናት አባልነት ለልጅ መግቢያ ሲሆን፣ እናቷ እንድትገባ ያልተፈቀደላት ልጅ ሁለት ጊዜ እንደምትቀር ለመረዳት ይህን ያህል ዘመን መፍጀቱ ግን ያሳዝናል።

በበኩላችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የበላይ ጉባኤው የየቤቱን ድምፅ ይቁጠርልን አንልም፤ የየልጅቷን ምስጢር ይግለጥ አንልም። በየዓመቱ፣ በየግቢው፣ ስንት ተማሪዎች ለምርጫ ቀረቡ፣ ስንቱ ገቡ፣ ስንቱ በየትኛው ዙር ወጡ፣ ከወጡትስ መካከል በዘርና በኑሮ ደረጃ ስንቱ ከየትኛው ወገን ናቸው፤ ይህን በቁጥር ያውጣ። ዝርዝሮቹ የሚገጣጠሙት በሥርዓቱ እጅ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ከሥርዓቱ ይልቅ ሊያውቅ የሚችል የለም። ከዩኒቨርሲቲዎቹም አስተዳደር የምንሻው ቁጥሩ ሳይወጣ ለቤቶቹ መሬትም ሆነ ስም እንዳይሰጡ ነው። የተመረቁ እኅቶች ይምከሩ፣ ያስተምሩ፣ ገንዘብም ይርዱ፤ በምርጫው ቀን ግን ከጓዳው ይውጡ።

በሜሪላንድም ሆነ በአላባማ በመጪው ምርጫ ተሰልፋ የምትቆም የወገናችን ልጅ ትኖር ይሆናል። ብትገባ ደስ ይለናል። ባትገባ ግን፣ ከበሩ ስትመለስ አብረዋት ስንት እንደተመለሱ የምታውቅበት ወረቀት በእጇ ይኑር።